ዓሣ የበላችው ልጅ

ራምፓሪ ልጇን በድብቅ መፈተን የጀመረችው የቀለም በዓል በሆነው በሆሊ ማግስት፣ ፀሐይ ከቀርከሃው ጀርባ ስታዘቀዝቅ ነበር። ቁራሽ የሸንኮራ ስኳር ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና፣ "ቡድኒ፣ ነይ ስኳርሽን ውሰጂ" አለቻት። ልጅቱ እየሮጠች መጣች፤ ምንጣፉ ጋ ስትደርስ ግን ሩጫው ከእግሯ ጠፋ። ቁጢጥ አለችና በሁለት መዳፏ ምንጣፉን ትዳብስ ጀመር።

"የታለ?"

"ፊትሽ ነው'ኮ።"

"የለም። ዋሽተሽኛል" አለችና ሳቀች። ስኳሩ ከጉልበቷ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ራምፓሪ አልሳቀችም። ግቢው ገና አልጨለመም። እሷ ከተቀመጠችበት ሆና የታሰረችውን የወተት ጎሻቸውን ቀንድ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወንፊት፣ የልጇን ባዶ እጅ አንድ በአንድ ታያለች። እጇን ዘረጋችና ስኳሩን ራሷ አነሳችላት።

ዳፍንትን ታውቀዋለች። አሁን ጡት የሚጠባውን ወንድ ልጇን አርግዛ ሳለች ከመሸ ከግድግዳ ጋር ትጋጭ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም እግሯን የጎሿ ገንዳ ውስጥ ነክራ የመንደሩ ሴቶች ሳምንት ሙሉ ስቀውባታል። "ፅንሱ ማታ ማታ ዐይንሽን እየተዋሰ ነው፣ ሲወለድ ይመልስልሻል" አሏት። እውነትም ሲወለድ መለሰላት። በዚያ አገር ዳፍንትን በሽታ ብሎ የሚጠራው የለም፤ እንደ ማቅለሽለሽ፣ እንደ እግር ማበጥ፣ የነፍሰ ጡር ወግ ነው። ቡድኒ ግን አራት ዓመቷ ነው። ዐይኗን የሚዋሳት ፅንስ ከየት ይመጣል?

ሲነጋ ልጅቱን ወደ ብርሃን አወጣቻትና ዐይኗን አየች። በነጩ በኩል፣ ወደ ጆሮዋ ጥግ፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው። በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ነበር።

ባሏ ቢሱንዴቭ ስንዴ ሊያጭድ ፑንጃብ ከሄደ ሰንብቷል። ቤት ውስጥ ያሉት አማቷ ብቻ ናቸው፤ ለአማቷ መንገሩ ደግሞ እንደ እሳት ነው። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ ቡድኒ ሲመሽ አታይም።"

"ሲመሽ ማን ያያል? ሌባና ቀበሮ ነው።"

"ዐይኗ ላይም አረፋ ነገር አለ።"

አሮጊቷ የሚለቅሙትን ምስር ተዉት። "ስሚ አንቺ የሲምራዋ" አሉ። ከሲምራ መንደር ስለተዳረች፣ እዚህ ከገባች ወዲህ ስሟ የሲምራዋ ነው፤ ራምፓሪ የሚላት እናቷ ቤት ቀርቷል። "ክፉ ነገር ስሙን ሲጠሩት ይሰማል። ሁለተኛ እንዳታነሺው።"

ይህን ሲሉ ያዩዋት በቀኝ ዐይናቸው ነው። የግራው እንደ ተቀቀለ ዓሣ ዐይን ነጭ ነው። አማቷ ዳንዋንቲ ሲዳሩ የዚያ ዐይን ታሪክ አብሯቸው ተድሮ መጥቷል፤ መንደሩም ከአርባ ዓመት በላይ ሲቀባበለው ኖሯል። ልጅ ሳሉ እናቲቱ ገባችባቸው። ኩፍኝም ሆነ ሌላ ሽፍታ፣ ሕፃን ላይ ሲወጣ የሽፍታ አምላኳ ሺትላ እናት በእንግድነት ገባች ይባላል እንጂ ታመመ አይባልም፤ ስሟም በቤት ውስጥ አይጠራም። እንግዳዋ እስክትሄድ ድረስ በዚያ ቤት ዓሣ አይበላም፣ በዘይት አይጠበስም፣ ጎመን አይቀቀልም፣ መድኃኒት ደፍ አይሻገርም። የዳንዋንቲ እናት ግን ልጄ ራባት ብላ ዓሣ ደብቃ አበላች አሉ። እናቲቱም ተቆጥታ የልጅቱን አንድ ዐይን ይዛ ሄደች። ሴትዮዋን ባሏ ወደ ወላጆቿ ቤት መለሳት፤ ልጇን ዳግም አላየችም። እስከ ዛሬም በዚያ መንደር ልበ ስስ እናት ስትታይ፣ "ኋላ የዳንዋንቲን እናት እንዳትሆኚ" ይሏታል።

ራምፓሪ ሁለተኛ አላነሣችውም። ፈተናውን ግን አልተወችም። ማታ ማታ ስኳር ታስቀምጣለች፤ ማታ ማታ ልጅቱ ትዳብሳለች። ቡድኒ ጨዋታው ስለ ጣማት ምሽት ሲቃረብ ራሷ "ስኳር ደብቂ" ትላታለች። እናትየዋ ምሽት መጣ ብላ ከቀትር ጀምሮ ቀና እያለች ፀሐይዋን ታያለች። ባለፈው መኸር የመንደሩ ጤና በጎ ፈቃደኛ ቢምላ ቀዩን እንክብል ለሕፃናት ስታድል፣ አማቷ "ጤነኛ ልጅ መድኃኒት ምን ይሠራላታል?" ብለው ቡድኒን ከሩዝ ጎተራው ኋላ ሸሽገዋት ነበር። ራምፓሪ ያኔ አይታ እንዳላየች ሆናለች። አሁን ያ ቀን ትዝ ባላት ቁጥር ያንገበግባታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሞቃቱ የምዕራብ ነፋስ መንፈስ እንደ ጀመረ ቡድኒ አተኮሳት፣ አሳላት፣ ዐይኗ ቀላ፤ ቀጥሎ ከጆሮዋ ኋላ የተነሣው ሽፍታ ፊቷን አልብሶ ወደ ደረቷ ወረደ። ዳንዋንቲ የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው በሩ ላይ ሰቀሉ። "እናቲቱ ገብታለች" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥ ያለ ቢሆንም ቅርንጫፉን ያሰሩበት እጃቸው ሁለቴ ስቶ ነው የሰቀለው።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ የሩዝ ውሃና በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ብቻ ሆነ ምግቧ። በነፋሱ የጎረቤት ዓሣ ጥብስ ሽታ ሲመጣ ከተኛችበት አፍንጫዋን ወደ ሽታው ታዞራለች።

"እማ፣ ዓሣ።"

"እሺ ልጄ፣ እንግዳችን ስትሄድ።"

"ትንንሹን። ከነጭንቅላቱ።"

"ከነጭንቅላቱ እሰጥሻለሁ።"

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው ዐይኗን መጨፈኗ ነው። መጀመሪያ ብርሃን ወጋኝ ብላ ፊቷን ቀበረች፤ ቆይቶ የዐይኗ ቆብ አብጦ በዐይናር ተጣበቀና መግለጡን ፈጽሞ ተወች። ራምፓሪ በሞቀ ውሃ ጨርቅ ነክራ ልትጠርግላት ስትል አማቷ እጇን ያዙት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልገልጠው ነው። ውስጡን ልየው።"

"እናቲቱ ያረፈችው እዚያ ነው። የእንግዳ መኝታ አይገለጥም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራምፓሪ ዓለም እነዚያ ሁለት የተከደኑ ቆቦች ሆኑ። ከቆቡ በታች ምን እየሆነ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። የስኳሩ ጨዋታ እንኳ ቀረ፤ ያንን ፍርሃት አሁን ትናፍቀው ጀመር፣ ቢያንስ ያኔ ታውቅ ነበር። ሕፃኑን እያጠባች፣ ሩዝ እያጠበች፣ ጎሿን እያለበች ዐይኗ የልጅቱ ዐይን ላይ ነው። አንዳንዴ ቆቡ ሲርገበገብ ታያለች። በሕይወት ያለ ዐይን ነው የሚያርገበግበው? ወይስ የሚሞት ዐይንም ይርገበገባል? የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበር፤ እንግዳዋ ይህን ማሰቤንም ትሰማ ይሆን የሚል።

ቢምላ የመጣችው በማለዳ ነው። የኒሙን ቅርንጫፍ ስታይ የግቢው አፍ ላይ ቆመች፤ አንድ እርምጃ አልጨመረችም። ዳንዋንቲ ጎሿን ይዘው ወደ ኩሬው ወርደው ነበር። ራምፓሪ እየሮጠች ወጣችና የሆነውን ሁሉ፣ ዳፍንቱን፣ አረፋውን፣ የተጨፈነውን ዐይን፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

የቢምላ ፊት ተለወጠ። "አረፋውን መቼ ነው ያየሽው?"

"ከሆሊ ጀምሮ።"

"እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር አንቺ ሴትዮ?" አለችና ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስልጠና ላይ የነገሩን ይኸው ነው። ዐይን በብርሃን ብቻ አያይም፤ ቫይታሚን ኤ የሚሉት ነገር ያስፈልገዋል። ጉበት ውስጥ አለ፣ ዓሣ ውስጥ አለ፣ ጎመንና ዱባ ውስጥም አለ። ሲያንስ መጀመሪያ ዳፍንት ይመጣል። በዚያ ላይ ኩፍኝ ሲጨመር የቀረችውን ሙጥጥ አድርጎ ይበላታል። ከዚያ ዐይኑ ይደርቃል። ይደርቅና ይለሰልሳል። ከለሰለሰ በኋላ..."

"ከለሰለሰ በኋላ ምን?"

"በሁለት በሦስት ቀን ይፈሳል።"

ራምፓሪ ዞራ ልጅቱ የተኛችበትን ቤት አየች።

"ጤና ኬላ ውሰጃት እንዳልልሽ ወንዙን ተሻግሮ ግማሽ ቀን ነው፤ እናቲቱ ያለችባትን ልጅ ደግሞ ከቤት አያስወጡሽም" አለች ቢምላ። ከጉያዋ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች። ሁለት ቀያይ እንክብሎች ነበሩ፣ ከባቄላ የማይበልጡ። "ጫፉን ቁረጪና ዘይቱን አፏ ውስጥ ጭመቂው። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ። ሦስተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔው አመጣለሁ። ጤና ኬላ ሄጄም የዐይን ቅባት ይዤልሽ እመለሳለሁ። ጉበት ካገኘሽ አብያት።"

"ነይ ግቢና አንቺ ስጫት።"

ቢምላ የኒሙን ቅርንጫፍ ቀና ብላ አየች። "እውነቱን ልንገርሽ? እኔም እፈራታለሁ። ቤት ልጅ አለኝ" አለችና እንክብሎቹን መዳፏ ላይ ጥላላት ሄደች።

ራምፓሪ እንክብሎቹን በሳሪዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ተቋጥረው እስከ ቀትር ቆዩ። በዚህ የሚፈርድባት ካለ በዚያች ቤት ያልኖረ ነው። እሰጣታለሁ ስትል የዳንዋንቲ ነጭ ዐይን ፊቷ ይደቀናል፤ እተዋለሁ ስትል የቢምላ "ይፈሳል" ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። ሁለቱም በኩል ጨለማ ነው። በአንደኛው ግን ጥፋቱ የእጇ ይሆናል፣ ሴት ደግሞ ከምንም በላይ የምትፈራው እሱን ነው።

በመጨረሻ ካላየሁ አልወስንም አለች። ልጅቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በሞቀ ውሃ አርሳ፣ የቀኙን ቆብ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገለጠች። ቀልቶ ነበር እንጂ ያበራል። ግራውን ገለጠች። ግራው አያበራም። ጥቁሩ ላይ ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት የመሰለ ጭጋግ ነበር፣ ልጅቱም እያየቻት አልነበረም። 

"ገለጥሽው?"

አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ራምፓሪ ልትዋሽ አፏን ከፈተችና ተወችው። ቋጠሮውን ፈትታ መዳፏን ዘረጋች። 

"ምንድን ነው እሱ?"

"ለዐይን የሚሆን ዘይት ነው። ቢምላ ናት የሰጠችኝ። እማዬ፣ ግራው ሊጠፋ ነው። ይምቱኝ፣ ወደ ሲምራም ይመልሱኝ፣ ግን ላጠጣት።"

ዳንዋንቲ ጎንበስ ብለው የልጅቱን ግራ ዐይን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ዓሣ አልበላሁም" አሉ።

ራምፓሪ አልገባትም።

"ያኔ፣ ልጅ ሆኜ። እናቴ ምንም አላበላችኝም። እንደ ሌሎቹ የሩዝ ውሃ ነው የሰጠችኝ፣ ደጉን ሕግ ጠብቃ። ዐይኔ ከጠፋ በኋላ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ከበቡኝና 'እናትሽ ዓሣ አብልታሻለች?' አሉኝ። ርቦኝ ነበር። ስንት ቀን ሙሉ የማልመው ዓሣ ነው። አዎ ካልኩ የሚያመጡልኝ መሰለኝ።" የሳሪያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። "አዎ አልኩ። በማግስቱ እናቴን መለሷት። ስትሄድ ዞራ እንኳ አልወቀሰችኝም።"

ቡድኒ እንቅልፏ ውስጥ አሳላት።

"እና ዐይንዎን ምን ወሰደው?" አለች ራምፓሪ፣ በሹክሹክታ።

"እሱን እንዳልጠይቅ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ሕጉን የጠበቅሁት" አሉ አሮጊቷ። "ሕጉ እውነት ካልሆነ እናቴን በከንቱ ነው የሸጥኳት።" ከዚያ ተነሡና በእግር ረግጠው ዓሣ የሚከትፉበትን ቆልማማ ቢላ አመጡ። "አምጪው ወዲህ። አንቺ አትንኪው። እኔ ነኝ የምቆርጠው፣ እኔ ነኝ የማጠጣት። የሚቆጣ ካለ በእኔ ይቆጣ፤ እኔ እንደሆነ አንድ ዐይኔን ቀድሜ ሰጥቻለሁ።"

በማግስቱም ሁለተኛውን ራሳቸው ጨመቁላት። ራሳቸው ገበያ ወርደው የፍየል ጉበት በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ ከላይ የኒም ቅጠል ደርበው አመጡ። ዘይትና እርድ ሳይነካው በሩዙ ድስት ቀቀሉት፣ ሽታው አጥር እንዳይሻገር። በጣታቸው እያላሙ ሲያጎርሷት ራምፓሪ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ትጠብቃለች። ቢምላ የዐይን ቅባት ይዛ ስትመጣ በአጥሩ ላይ አቀበለች። ቆቡ ግን ቶሎ አልተገለጠም። ራምፓሪም መግለጥ ፈራች፤ አማቷም አላዘዟት። ሁለቱ ሴቶች ልጅቱን መሀል አድርገው ይቀመጡና አንዳቸው የሌላውን ፊት ሳያዩ ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ቡድኒ ራሷ ገለጠችው።

የእናቲቱ መሸኛ ቀን ደረሰ። ልጅቱ የኒም ቅጠል በተዘፈዘፈበት ውሃ ታጠበች፤ የመንደሩ ሴቶች ቀዝቃዛ ሩዝና እርጎ ይዘው እየዘፈኑ ገቡ። ቡድኒ ከስታለች እንጂ ሁለት ዐይኖቿ ክፍት ናቸው፣ ያያሉም። ግራው ላይ ብቻ፣ ከብሌኑ ዝቅ ብሎ፣ የሩዝ ፍንካች የምታክል ነጭ ነጥብ ቀርታለች። ራምፓሪ ፀጉሯን ወደ ግራ አበጥራ ግንባሯ ላይ ለቀቀችባት።

ወሬ ቤቷ ሳያድር የማያልፋት ጎረቤታቸው ሱርጃ ግን ፀጉሩን ገለጥ አደረገችው።

"እዩት፣ እናቲቱ ዐይኗ ላይ ምልክት ትታለች" አለች። ዘፈኑ ተቋረጠ። "ያለ ነገር ምልክት አትተውም። ምን አስቀይሟት ይሆን?" ሁሉም ወደ ራምፓሪ ዞሩ። ሱርጃ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለችና ድምፅዋን አለሰለሰች። "ቡድኒዬ፣ እስቲ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። እንግዳችን ቤት ሳለች እናትሽ ዓሣ አብልታሻለች?"

ቡድኒ "ዓሣ" የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። ከንፈሯን ላሰች።

"አዎ" አለች። "ትንንሹን። ከነጭንቅላቱ።"

ከሴቶቹ መሀል አንዷ "ጉድ ፈላ" አለች። ሱርጃ ቀስ ብላ ተነሣች።  የሲምራ መንገድ፣ በእጇ ያለው ሕፃን፣ ከኋላዋ የምትቀረው ልጅ፣ ሁሉም ባንዴ ለራምፓሪ ታያት።

ዳንዋንቲ ከተቀመጡበት ተነሡ። የእርጎውን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጡና ሄደው ልጅቱን እጇን ያዟት።

"ዓሣ አልበላችም" አሉ። "ጉበት ነው የበላችው፣ መድኃኒትም ጠጥታለች። በዚህ እጄ አበላኋት፣ በዚህ እጄ አጠጣኋት። ሁለቱም ዐይኗ የተረፈው ለዚያ ነው። የምትመልሱት ሰው ካለ እኔን መልሱኝ፣ የሚቀበለኝ ቤት ካገኛችሁ።"

"ልጅቱ ራሷ'ኮ አዎ አለች እማማ" አለች ሱርጃ።

"ርቧት ነው" አሉ ዳንዋንቲ። ደህናው ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ነጩ ደረቅ እንደ ሆነ ነበር። "እኔም ያኔ ርቦኝ ነበር።"

 ከሴቶቹ መሀል ያንን ተረት ለልጇ ያላወራች አልነበረችም። ቡድኒ የአያቷን እጅ ጎተት አደረገችና፣ "አያቴ፣ ዓሣው መቼ ነው?" አለች።